ከዓይን የተሸሸገው የፍሬን ሽቦ

አንባቢ ሆይ፤ ወደ መሥሪያ ቤትም ሆነ ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በብስክሌት ከሆነ፥ ይህን ጽሑፍ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጊዜ ብድግ ይበሉና ብስክሌትዎን ይመልከቱ። በመሪው ላይ ካለው የፍሬን እጄታ የሚነሣውን ሽቦ በዓይንዎ ይከተሉት። ብስክሌትዎ የቀድሞው ዓይነት ከሆነ፥ ሽቦው በብረቱ ላይ ተደግፎ በግልጽ እየታየ እስከ ኋላው ጎማ ድረስ ይሄዳል። የአዲሱ ዓይነት ከሆነ ግን ጥቂት እንደ ሄደ ወደ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይገባና ይሰወራል፤ ዳግመኛ የሚያዩት ከኋላው ጎማ አጠገብ ብቅ ሲል ነው። በመካከል ያለውን መንገድ የሚያውቁት የሠራው ፋብሪካና የሚጠግነው መካኒክ ብቻ ናቸው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ስለ ተሰወረው መንገድ ነው። ነገሩ ለብዙ ሰው የውበት ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። እውነት ነው፥ ሽቦው የተሸሸገለት ብስክሌት ለዓይን ያምራል፤ ጨዋ ሰው ክር ያልተመዘዘበት ልብስ ለብሶ እንደ መታየት ነው። ይሁን እንጂ ቁልቁለት ሲወርዱ ሕይወትዎ የተንጠለጠለው በዚህ ሽቦ ላይ መሆኑን አይርሱ። እንግዲህ አዲስ ብስክሌት ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ከሆነ፥ ወይም የቆየውን ብስክሌትዎን አስበስተው ሽቦውን ለማስገባት ያሰቡ ከሆነ፥ ከመወሰንዎ በፊት ጥቂት አብረን እናስብ።

ሽቦው ምን ይሠራል?

በቀድሞ ዘመን የብዙ ብስክሌት ፍሬን የሚታዘዘው በብረት ዘንግ ነበር። በቻይና አገር በቲያንጂን ከተማ ከ1950 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የተሠራው ዝነኛው ፍላይንግ ፒጀን የተባለው ብስክሌት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘንግ ጠንካራና የማይበጠስ ቢሆንም መታጠፍ አያውቅም፤ መንገዱ በታጠፈ ቍጥር መገጣጠሚያ ይፈልጋል። መሪው ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚዞር ነገር ስለ ሆነ ሥራው አስቸጋሪ ነበር።

ይህን ችግር ያቃለለው ኧርነስት ሞኒንግተን ቦውደን የተባለ በለንደን ይኖር የነበረ የአየርላንድ ሰው ነው። በ1896 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ የቦውደን ሽቦ እየተባለ በስሙ ይጠራል። ብዙ ሰዎች የራሌይ ብስክሌት ፋብሪካ ባለቤት ከነበረው ከሰር ፍራንክ ቦውደን ጋር ያምታቱታል፤ ሰውየው ግን ሌላ ነው።

ዘዴው ቀላል ይምሰል እንጂ ብልሃት አለበት። በውስጥ ከቀጫጭን የብረት ክሮች የተገመደ፥ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል የሆነ ሽቦ አለ። ከውጭ ደግሞ ልባስ አለው፤ ይኸውም እንደ ሞላ የተጠቀለለ ብረት ሆኖ በላዩ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። እጄታውን ሲጨብጡ ሽቦው ይሳባል፤ ልባሱ ደግሞ በዚያው ልክ ይገፋል። ልባሱ ባይኖር ኖሮ የታጠፈው ሽቦ ሲሳብ ይቃና ነበር እንጂ ፍሬኑን አይዘውም ነበር። የራስዎን ጣት እጥፍ ዘርጋ ያድርጉና ያስተውሉ፤ ጣትዎን የሚያጥፈው ጡንቻ ያለው በክንድዎ ላይ ነው፥ ጅማቱ ግን በራሱ ልባስ ውስጥ እየተንሸራተተ እስከ ጣትዎ ጫፍ ይደርሳል። የፍሬን ሽቦም የብስክሌት ጅማት ነው ማለት እንችላለን።

እያንዳንዱ እጥፋት ዕዳ ነው

ገበሬ ኃይለኛ ወይፈን በገመድ ሲይዝ በጕልበቱ ብቻ አይታገልም። ገመዱን በግንድ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ይጠመጥመዋል፤ ከዚያ በኋላ ወይፈኑ የቱንም ያህል ቢስብ በሌላው ጫፍ ጥቂት መያዝ ይበቃል። ኃይሉን የበላው ገመዱ በግንዱ ላይ የሚያደርገው ፍትጊያ ነው። የሒሳብ ሊቅ የነበረው ሌዎንሃርድ ኦይለር ከሁለት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ይህን ነገር በሒሳብ አስልቶታል።

ለገበሬው የጠቀመው ነገር ለብስክሌተኛ ጠላት ነው። ሽቦው በልባሱ ውስጥ በታጠፈ ቍጥር ከእጅዎ ኃይል የተወሰነው በመንገድ ይቀራል። በንጹሕና በለሰለሰ ሽቦ የፍትጊያው ልክ አንድ አሥረኛ ነው ብለን እናስላ። በእጄታው በኩል 100 እጅ ኃይል ቢልኩ፥ ሽቦው በጠቅላላው 90 ዲግሪ ከታጠፈ የሚደርሰው 85 እጅ ያህል ነው፤ 180 ዲግሪ ከታጠፈ 73፤ ሙሉ ክብ ማለት 360 ዲግሪ ከዞረ ደግሞ 53 ብቻ ነው። አሁን ዝናም ገብቶበት ዝጎ ፍትጊያው በእጥፍ አደገ እንበል። በ180 ዲግሪ የሚደርሰው 53፥ በ360 ዲግሪ ደግሞ 28 እጅ ይሆናል። ከሦስት እጅ ሁለቱ በላይ በመንገድ ቀረ ማለት ነው!

ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ በዚህ ሒሳብ ትልቁን ቦታ የያዘው የሽቦው ርዝመት ሳይሆን የእጥፋቶቹ ድምር ነው። ሽቦው በቱቦ ውስጥ ቢገባ በራሱ ጕዳት የለውም፤ በውስጥ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ከሆነ እንዲያውም ይሻላል። ጕዳቱ የሚመጣው ለመግባትና ለመውጣት ሲባል ሽቦው በጠባቡ ሲጠማዘዝ ነው። ጠባብ እጥፋት ደግሞ ኃይል ከማባከኑ ሌላ የሽቦውን ክሮች አንድ በአንድ እያደከመ ይበጥሳቸዋል።

ታዲያ ስለ ምን ተሸሸገ?

ነገሩን ያመጣው በአመዛኙ የእሽቅድምድም ጉዳይ ነው። ክብ ሽቦ ምንም ቀጭን ቢሆን ነፋስን ይከለክላል፤ እንደ ዓሣ አካል ተስተካክሎ ከተሠራ ነገር ጋር ሲነጻጸር በእኩል ውፍረት እስከ አሥር እጥፍ ያህል ነፋስ ይይዛል። በ1989 በተደረገው የፈረንሳይ ዙር ውድድር አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ፈረንሳዊውን ሎራን ፊኞንን ከ3,200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጕዞ በኋላ የበለጠው በ8 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ለሞንድ ያሸነፈው ሽቦ ደብቆ ነው ማለታችን አይደለም፤ በመጨረሻው ቀን በመሪው ላይ ክንዱን የሚያሳርፍበት ነገር አድርጎ አጎንብሶ በመንዳቱ ነፋሱን ቀንሶ ነበር። ነገር ግን ውድድር በሴኮንዶች እንደሚወሰን የተረዱ ፋብሪካዎች ከነፋስ ጋር የሚጋጨውን ጥቃቅን ነገር ሁሉ እየለቀሙ መሸሸግ የሙያቸው ዋና ክፍል አደረጉት።

የእኛም አገር ልጆች ለዚህ ስፖርት እንግዶች አይደሉም። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር፤ በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እንደ እሱ ላለ ሰው የነፋስ ነገር ቁም ነገር ነው።

ለእርስዎና ለእኔስ? የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ልክ ነው። ተወዳዳሪው በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ የሚገጥመው ነፋስ፥ እርስዎ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ወደ ቢሮ ሲሄዱ ከሚገጥምዎ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ስለዚህ ሽቦው በመደበቁ ወደ ሥራ የሚደርሱበት ሰዓት አይለወጥም፤ ያረፈዱ እንደ ሆነ አለቃዎን የሚያስታርቅዎ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብዎ።

ሌላ ጥቅም ግን አለው። በውስጥ ያለ ሽቦ ጭቃና አቧራ አይረጭበትም፤ ብስክሌቱን በትከሻ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ አይጨበጥም፥ አይጣመምም፤ የመደገፊያ ዕቃም ቀለሙን አይፍቀውም። እነዚህን ጥቅሞች መናቅ አይገባም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በሽቦ ፈንታ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ተስፋፍቷል። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ2018 የዲስክ ፍሬን በጎዳና ውድድር ላይ እንዲገባ ሲፈቅድ ነገሩ ይበልጥ ገፋ። ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ግፊቱን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ያደርሳል፤ ቧንቧው ቢጠማዘዝ እንደ ሽቦ ኃይሉን አይበላም። ስለዚህ ፋብሪካዎች ቧንቧውን በመሪው ውስጥ፥ ከዚያም በመሪው አንገት አሳልፈው ከነጭራሹ እንዳይታይ አደረጉት። ዋጋው የሚታወቀው ግን የጥገና ቀን ሲመጣ ነው። የመሪው ኩሽኔታ ሲያልቅ መካኒኩ ቧንቧውን መፍታት፥ እንደ ገና ዘይት መሙላትና የገባውን አየር ማስወጣት ሊኖርበት ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ የነበረው የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የእጅ ዋጋውም በዚያው ልክ።

በመካኒክ ፊት

በሽቦ ወደሚሠራው እንመለስ። ሽቦ እንደ ጎማ የሚያልቅ ነገር ስለ ሆነ አንድ ቀን መለወጡ አይቀርም። በዚያ ቀን መካኒኩን አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ለሽቦው የተበጀ መምሪያ ቧንቧ አለ ወይስ ቱቦው ባዶ ነው? መምሪያ ያለው ከሆነ አዲሱ ሽቦ በአንዱ በኩል ሲገባ በሌላው በኩል ይወጣል፤ ጭንቀት የለም። ባዶ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት በእውነት ይደርሳል። ችኩል ሰው አሮጌውን ሽቦ መዥረጥ አድርጎ ይመዘዋል፤ ከዚያ በኋላ አዲሱን በጨለማ ቱቦ ውስጥ እየቆረቆረ መውጫውን ሲፈልግ ይውላል። ብልህ መካኒክ ግን አሮጌው ሽቦ ሳይወጣ ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ በላዩ ላይ አልብሶ ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ሌላው ድረስ ያሳልፋል። ከዚያም አሮጌውን ይመዝና አዲሱን በፕላስቲኩ ውስጥ ይልካል፤ በመጨረሻም ፕላስቲኩን ያወጣዋል። መንገዱ ለአንድ አፍታ እንኳ አልጠፋም።

መንገዱ ከጠፋ ደግሞ ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው፥ ቀጭን ክር በአንዱ ቀዳዳ አስገብቶ በሌላው በኩል አየሩን በመምጠጫ መሳብ ነው፤ ክሩ ነፋሱን ተከትሎ ይወጣል፥ ሽቦውም በክሩ ላይ ታስሮ ይሳባል። ሁለተኛው ማግኔት ነው። የብስክሌቱ ቱቦ አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ከሆነ፥ ማግኔቱን በውጭ እያንሸራተቱ በውስጥ ያለውን የብረት ሽቦ ጫፍ እየመሩ እስከ መውጫው ያደርሱታል። ቱቦው ራሱ ብረት ከሆነ ግን ማግኔቱ ከቱቦው ጋር ይጣበቃልና አይረባም።

አዲስ ልባስ ሲገዙም ይጠንቀቁ። የማርሽ ልባስና የፍሬን ልባስ በመልክ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የፍሬኑ ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሆኖ ብረቱ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ነው። የማርሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊሜትር ሲሆን ብረቶቹ እንደ ነዶ ጐን ለጐን በቁመት የተደረደሩ ናቸው። ይህን በፍሬን ላይ ቢያስገቡት፥ አንድ ቀን በድንጋጤ አጥብቀው ሲጨብጡ ብረቶቹ ተሰንጥቀው ሊበታተኑ ይችላሉ። መካኒኩ ልባሱን ከቈረጠ በኋላ ጫፉን በሞረድ አስተካክሎ፥ የተጣበቀውን አፍ በወስፌ መክፈቱን ቆመው ይመልከቱ። የተንጋደደ ጫፍ እጄታውን እንደ ስፖንጅ የላላ ያደርገዋል።

በባዶ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ልባስ ኮረኮንች ላይ እየተንኳኳ ሊያስቸግርዎ ይችላል። ይህ አደጋ ሳይሆን ጭቅጭቅ ነው፤ ልባሱን ቀጭን የስፖንጅ እጀ ጠባብ ማልበስ ያስታግሠዋል።

አያስበሱት!

አሁን ወደ ዋናው ምክራችን ደረስን። ጓደኛዎ አዲስ ብስክሌት ገዝቶ ሽቦው የማይታይ ቢሆን፥ «የእኔንም በትራፓኖ ሁለት ቀዳዳ አስበስቼ ላስመስለው» የሚል ሐሳብ ይመጣብዎ ይሆናል። እባክዎ ይተዉት።

የመልካም ብስክሌት የብረት ቱቦ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር የቀጠነ ነው። እርስዎ በተቀመጡ፥ ፔዳሉን በረገጡ፥ ጉድጓድም በገቡ ቍጥር ይህ ቱቦ በጥቂቱ ይለጠጣል፥ ይጠማዘዛልም። ኃይሉ ቀዳዳ ሲያገኝ በቀዳዳው ዳርና ዳር ይሰበሰባል፤ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። ካርቦን ከሆነ ደግሞ መብሳት ማለት ኃይሉን የሚሸከሙትን ክሮች መቍረጥ ነው። ፋብሪካው ቀዳዳ ሲያበጅ ቦታውን አጥንቶ፥ ዙሪያውን አወፍሮ፥ ጠርዙን አለስልሶ ነው። በመንገድ ዳር የተበሳ ቀዳዳ ግን ጠርዙ እንደ መጋዝ ሆኖ ሽቦውን ይገዘግዛል፤ በዝናም ጊዜም ውሃ እያስገባ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ዝገቱን አያዩትም፤ የሚያዩት ቱቦው የተሰበረ ዕለት ነው።

ምን ያህል ነገር እንደሚሸከም ይወቁ

«ለአንድ ሽቦ ይህን ያህል ነገር ማብዛት ምንድን ነው?» ይሉ ይሆናል። እንግዲያው ጥቂት ሒሳብ እንጨምር። እርስዎና ብስክሌትዎ በድምሩ 80 ኪሎ ትመዝናላችሁ እንበል። ከ100 ሜትር ከፍታ ላይ ፍሬን ይዘው በዝግታ ቢወርዱ፥ ፍሬንዎ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል 78,000 ጁል ያህል ነው። ይህ በአዲስ አበባ ከፍታ ሩብ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለሻይ ለማፍላት ይበቃል። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከ100 ሜትር እጅግ ይበልጣል። በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ሜዳ ላይ የላላ ፍሬን ይቅር ሊባል ይችል ይሆናል፤ በእንጦጦ ቁልቁለት ግን ይቅርታ የለም። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌት በአንዲት ሴኮንድ 10 ሜትር ይሄዳል። እጄታው ባዶውን ሲመጣ፥ «ምን ሆነ?» ብለው ሳይጨርሱ 10 ሜትር አልፏል። ከፊትዎ ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ 10 ሜትር ምን ማለት እንደ ሆነ እርስዎ ያስቡት።

ስለዚህ ሽቦው የተሸሸገም ይሁን የተገለጠ፥ በሳምንት አንድ ቀን አምስት ደቂቃ ይስጡት። አንደኛ፥ ሁለቱንም እጄታዎች አጥብቀው ይጨብጡ፤ እጄታው መሪውን ከነካ ሽቦው ረዝሟል ወይም የፍሬኑ ላስቲክ አልቋል። ሁለተኛ፥ ለቀቅ ሲያደርጉት ወዲያው መመለሱን ይመልከቱ፤ የሚያዘግም ከሆነ በውስጥ ዝገት ወይም ጠባብ እጥፋት አለ። ሦስተኛ፥ የሽቦው ራስ በእጄታው ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ይዩ፤ ሽቦ በብዛት የሚበጠሰው እዚያ ነው። አንዲት ክር እንኳ ተበጥሳ ካዩ ጊዜ ሳይሰጡ ይለውጡት፤ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። አራተኛ፥ ሽቦው ወደ ቱቦ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀዳዳ በጣትዎ ይዳስሱ፤ የጐማው ወይም የፕላስቲኩ ክፈፍ ወልቆ ከሆነ ይተኩት። አምስተኛ፥ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ ሽቦው ከተወጠረ አጭር ነው፥ ፍሬኑንም በመታጠፊያ ላይ ሳያስቡት ሊያስይዘው ይችላል።

የተሸሸገ ሽቦ ያለው ብስክሌት ከገዙ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩ። በዓይን የማይታየውን በቀን መቍጠሪያ ይጠብቁት። ሽቦው የተለወጠበትን ቀን በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ፤ የክረምቱም ዝናም ሲያበቃ መካኒኩ አውጥቶ እንዲያየው ያድርጉ።

«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ሲባል ኖሯል። ብርሌ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት፥ በውስጡ ያለውን ስለማይሸሽግ ይመስለናል፤ ጠጁ ጥሩ ይሁን ድፍርስ ጠጪው ሳይቀምስ ያየዋል። የቀድሞው ብስክሌት እንደ ብርሌ ነበር፤ ሕመሙን ፊት ለፊት ይናገር ነበር። አዲሱ እንደ ቀንድ ዋንጫ ያማረ ነው፤ በውስጡ ያለውን ግን ካልመረመሩት አይነግርዎትም። ባማረው ብስክሌት መሄዱን አንከለክልዎትም። ነገ ጠዋት ግን ከበር ከመውጣትዎ በፊት ሁለቱን እጄታዎች አንድ ጊዜ ጨበጥ ያድርጓቸው።